የብልት ፈንገስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ባሕር ዳር ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይሞቃል። ጠባብ ጂንስ ለብሶ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ፣ ላብና እርጥበት ለፈንገስ ይመቹታል። ማሳከክ ሲጀምር ብዙ ሴቶች ለሰው ማውራት ያፍሩና ሎሚ ወይም ነጭ ሽንኩርት ፍለጋ ወጥ ቤት ይገባሉ። እህቴ፣ ከዚያ በፊት ምልክቱን ለዪ።

ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ፈሳሹ እንደ አይብ ነጭና ወፍራም ነው፤ መጥፎ ሽታ የለውም

ይህ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ካንዲዳ አልቢካንስ ነው። ከ4 ሴቶች 3ቱን በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ካንዲዳ በጤነኛ ሴት ሰውነትም በትንሹ ይኖራል። እንዳይበዛ የሚቆጣጠሩት ላክቶባሲለስ የተባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ጨው ወይም ነጭ ሽንኩርት ወደ ውስጥ አታስገቢ። ስስ የሆነውን አካል ያቃጥላሉ። ውስጡን በሳሙና መታጠብም እነዚያን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያጠፋል። እርጎ ብዪ፣ ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን የያዘሽን ፈንገስ ያድናል ብለሽ አትጠብቂ። የእናቶቻችንን ወይባም አከብራለሁ። ሆኖም አካሉ ተቆጥቶ እያለ ጭስና ሙቀት ሕመሙን ያባብሳል፤ እስኪሻልሽ ተዪው።

የሚያድነው መድኃኒት ነው፦ በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል፣ ወይም አንድ ጊዜ የሚዋጥ 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን የሚዋጠውን አትውሰጂ፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ።

የዓሣ ሽታ አለው፣ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ነው

ይህ ፈንገስ አይመስልም። ግራጫ፣ ቀጭንና ዓሣ ዓሣ የሚሸት ፈሳሽ ብዙ ጊዜ የባክቴሪያ ነው። አረፋ ያለው ቢጫ አረንጓዴ ፈሳሽ ደግሞ በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ባልሽም አብሮሽ መታከም አለበት። የፈንገስ መድኃኒት ለሁለቱም አይሠራም። ተመርመሪ።

ይድናል፣ ተመልሶ ይመጣል

መጀመሪያ አንቲባዮቲክ ወስደሽ እንደሆነ አስቢ። ለጉንፋን ብሎ አሞክሳሲሊን መዋጥ ጉንፋኑን አያድንም፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ግን ይገድላል። በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዘሽ የደም ስኳርሽንና ኤችአይቪ ተመርመሪ። ያልታወቀ ስኳር ፈንገስን ደጋግሞ ያመጣል።

የተፈጥሮ መንገድ በእውነት የሚጠቅመው መከላከል ላይ ነው። የጥጥ የውስጥ ሱሪ ልበሺ። ክረምት ላይ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡን ከመልበስ በካውያ አድርቂው። ጣና ዋኝተሽ ወይም ስፖርት ሠርተሽ ስትወጪ ወዲያው ቀይሪ። ከሽንት ቤት ስትነሺ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ። ውጪውን በውኃ ብቻ ታጠቢ፤ ሽቶ ያለው ሳሙናና ሶፍት ይቅርብሽ።

ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ቁስል ካለ ግን ፋርማሲ አይበቃም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይይሽ።