ከርነል ስትቀይሩ አሮጌውን አታጥፉ

ደብረ ብርሃን ተቀምጣችሁ የሊኑክስን ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት) ልታሳድጉ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪያችሁን ሙሉ። ክረምት ከሆነና ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ ለነገ አሳድሩት። አዲስ ከርነል ሲጫን ሲስተሙ ለመነሳት የሚፈልገውን ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ፋይል እዚያው ይሠራል፤ መብራት መሃል ላይ ድርግም ካለ ፋይሉ ጎዶሎ ይቀራል፣ ስታበሩት "ከርነል ፓኒክ" ይልና ቀጥ ይላል። እኔ ዴስክቶፕ ላይ ደርሶብኝ በጣም ደንግጫለሁ። ያወጣኝ አሮጌው ከርነል ነው። ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጫንኩ፣ ግራብ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚመጣው የከርነል መምረጫ) ላይ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" ገብቼ የድሮውን መረጥኩ፣ ከዚያ ተርሚናል ላይ "ሱዱ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ" እና "ሱዱ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል"። በቃ ተነሳ።

የቱን ልምረጥ ለሚል፣ የቁጥር ትልቅነት አያጓጓችሁ። አሁን ያላችሁን በ"ዩኔም -አር" እዩ። ኡቡንቱ 22.04 ከ5.15 ጋር፣ 24.04 ከ6.8 ጋር፣ ዴቢያን 12 ደግሞ ከ6.1 ጋር ነው የወጡት፤ የደህንነት ማስተካከያውን የሚልኩላችሁ እነሱው ስለሆኑ ከእነሱ ማከማቻ ውሰዱ። ላፕቶፑ አዲስ ሆኖ ዋይፋይ ወይም ስክሪን ካስቸገረ ግን ኡቡንቱ ላይ ኤችደብልዩኢ የሚባለውን ለአዲስ ሃርድዌር የሚወጣ ከርነል፣ ዴቢያን ላይ ባክፖርትስ (አዳዲስ እትሞች የሚገኙበት ተጨማሪ ማከማቻ) ያለውን ሞክሩ።

ሄደር የሚባለውን ፓኬጅ (ሾፌር ለመገንባት የሚያስፈልጉ የከርነል ፋይሎች ያሉበትን) አትርሱ፣ አደራ። መሐል ሜዳ ያለ የአክስቴ ልጅ ዳታ ልቆጥብ ብሎ ከርነሉን ብቻ ጫነ። የዩኤስቢ ዋይፋዩ ሾፌር በዲኬኤምኤስ (ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል ሾፌሩን እንደገና በሚሠራ ፕሮግራም) የሚገነባ ነበርና ያለ ሄደር አልተገነባም፣ ዋይፋዩ ጠፋ፣ ሄደሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት የለም! ስልኩን በኬብል ሰክቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ሲያበራ ነው የተገላገለው።

ከርነሎቹ የሚቀመጡበት "/ቡት" ለብቻው ከተከፈለ ቦታውን በ"ዲኤፍ -ኤች" እዩ፤ ሲሞላ ጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

"/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ" ውስጥ የታይምአውት ስታይሉን ከ"ሂደን" ወደ "ሜኑ" ቀይሩ፣ ታይምአውቱን 5 ሰከንድ አድርጉና "ሱዱ አፕዴት-ግራብ" በሉ። የግራብ ዝርዝር ሁሌ ስለሚታይ በችግር ቀን ሺፍት ስትቀጠቅጡ አትውሉም።

በአዲሱ ከርነል አንድ ሳምንት ሥሩበት። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ በተለይ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት መንቃቱን እዩ። ደህና ከሆነ ያኔ የማያስፈልጉ አሮጌ ፓኬጆችን ለማጽዳት "ሱዱ አፕት ኦቶሪሙቭ" በሉ፣ ሊጠፋ የሚዘረዝረውን ግን ሳታነቡ "ዋይ" አትጫኑ።