ስለ ሻጋታ ሕመም ፊርማ ለማሰባሰብ ምን ያስፈልጋል?

መጀመሪያ አቤቱታውን የሚቀበለው አካል ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ወስኑ። «ስለ ሻጋታ ግንዛቤ ይፈጠር» የሚለውን ሁሉም ይፈርመዋል፤ ተቀባዩም ተስማምቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ጥያቄው የሚፈጽመው አካል፣ ተግባርና የጊዜ ገደብ ይኑረው። ለምሳሌ «የቤቶች አስተዳደሩ የእርጥበት ቅሬታ በደረሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ቤቱን ይመርምር፤ ጤና ጣቢያዎች ሳል አልለቅ ያለውን ሕመምተኛ ስለሚኖርበት ቤት ይጠይቁ»። ከሦስት ጥያቄ አትለፉ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ፍሬ ያፈራል። በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ የ2 ዓመቱ አዋብ ኢሻቅ በ2020 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ የሞቱን ምክንያት ያጣራው ችሎትም ቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡን በምክንያትነት አስቀመጠ። ቤተሰቡ የተሳተፈበት ዘመቻ ከ170 ሺህ በላይ ፊርማ ሰበሰበ። የጠየቀውም አከራዮች ችግሩን የሚመረምሩበትና የሚጠግኑበት የጊዜ ገደብ እንዲኖር ነበር፤ በ2023 በሕግ ውስጥ ገባ።

ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው በሕክምናው አንቀጽ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስም፣ ከሳል፣ ሲተነፍሱ ከማፏጨትና ከመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን ጋር እንደሚያያዝ ይገልጻል፤ እዚያ ላይ ቁሙ። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ሳንባቸው በሻጋታ ኢንፌክሽን ሊያዝ እንደሚችልም መጻፍ ይቻላል። «ጥቁር ሻጋታ ካንሰር ያመጣል» ወይም «ያየነው ሕመም ሁሉ የሻጋታ ነው» ግን አትበሉ። የሻጋታ ቀለም የአደጋውን መጠን አይናገርም፤ አንድ የተጋነነ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ትክክለኛውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ረቂቁን ከማተማችሁ በፊት አንድ የሳንባ ወይም የአለርጂ ሐኪም ያንብበው።

«አየር ውስጥ ያለው የሻጋታ ዘር ከዚህ ቁጥር አይብለጥ» ብላችሁም አትጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እንዲህ ያለ የቁጥር ወሰን አላስቀመጠም። የሚታየውን፣ የሚሸተውንና የሚለካውን እርጥበት ጠይቁ፦ የሚያፈስ ቧንቧና ጣሪያ ይጠገን፤ የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይድረቅ፤ የቤት ውስጥ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን የያዘው ድርሻ) ከ60 በመቶ በታች ይሁን።

ማስረጃ ከፊርማው ጋር ይያያዝ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ፎቶ ይበቃል፦ አንዱ ክፍሉን በሙሉ፣ ሌላው ሻጋታውን ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ከቅርብ የሚያሳይ፤ ቀኑም ይጻፍ። ቁም ሣጥን ጀርባና የመስኮት ጥግ እንዳይረሳ። የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ በተመሳሳይ ሰዓት ለሰባት ቀን መዝግቡ፤ ምግብ ሲበስል ወይም ልብስ ሲታጠብ የተነበበ አንድ ቁጥር ዋጋ የለውም።

የፊርማው ቅጽ አናት ላይ ሙሉው ጥያቄ ይታተም፣ በእያንዳንዱ ገጽ። አለበለዚያ «ምን እንደሚፈርሙ አላወቁም» ይባላል። ከ10 እስከ 12 መስመር፣ ሙሉ ስም፣ የመኖሪያ አካባቢ፣ ቀንና ፊርማ ይበቃል፤ ገጾቹም ተራ ቁጥር ይኑራቸው። ሕመምን የሚጠይቅ ዓምድ አታስገቡ፤ ቀጥሎ የሚፈርመው ሰው ያነበዋል። የጤና ታሪኩን ለመናገር ፈቃደኛ የሆነ ሰው በተለየ ወረቀት፣ በጽሑፍ ፈቃዱን ሰጥቶ ይናገር። አባት ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ እጅ ጽሑፍ ሲፈርም ቆጠራው ይበላሻል፤ ትሕትና ባለው ቃል መልሱት።

ተከራዮች አከራዩን ፈርተው ሊሸሹ ይችላሉ፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። የስም ዝርዝሩ ለማን እንደሚደርስ ከመፈረማቸው በፊት ንገሯቸው፤ ማድረስ የማትችሉትን ምስጢራዊነት ግን ቃል አትግቡ። አከራይ የማይጫናቸው አስተማሪዎች፣ ነርሶችና የአስም ሕመምተኛ ወላጆች ቀድመው ቢፈርሙ ሌላው ይደፍራል።

ስታስገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ ያስፍሩላችሁ። በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንደምትጠብቁ ደብዳቤው ላይ ጻፉ፤ ቀኑ ሲያልፍ የመዝገብ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የስም ዝርዝሩን ቅጂ አንድ ሰው ብቻ ቆልፎ ይያዝ።