«አያቴ ናቸው» ከማለትዎ በፊት

የድሮ ፎቶግራፍ ላይ ያለን ሰው ማንነት ለማወቅ «እማማ፣ ይህ ጋሽ እገሌ አይደሉም?» ብሎ አረጋዊት የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ፎቶግራፉን ከእጁ መንጠቅ ያምረኛል። ዓይናቸው የደከመ፣ እንግዳ ማሳፈር የማይወዱ እናት ምን ይበሉ? «እሱ መሰለኝ ልጄ» ይላሉ። ሲጻፍ «መሰለኝ» ትቀርና ስሙ ብቻ ይሰፍራል። ቀጥለው የሚጠየቁትም የተጻፈውን አንብበው ያጸድቃሉ። ሦስት ምስክር ተገኘ ይባላል፤ ያለው ግን አንድ «መሰለኝ» ነው።

እኔም በጀማሪነቴ አንድ የጽዋ ማኅበር ፎቶግራፍ ላይ መሐል የተቀመጡትን ሰው በዚሁ መንገድ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ አድርጌ ጻፍኩ። ልጃቸው አይተው በሳቅ ፈረሱ፤ አባታቸው የዚያን ቀን በእንግድነት የመጡ ኖረዋል፤ መሐል የተቀመጡትም ለክብር ነበር። ስለዚህ ስም ሳይጠሩ ፎቶግራፉን ለሚጠየቁት ሰው ሰጥቶ ዝም ማለት ነው። ስለ ዛፉ ወይም ስለ አጥሩ ቢጀምሩም ይጀምሩ።

ጀርባው ላይ «ለማይረሳኝ ወንድሜ ለእገሌ» የሚል ካለ፣ ያ ስም የተቀባዩ ነው። በምስሉ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሰጪው ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ!

ዓመተ ምሕረት ሌላው ወጥመድ ነው። ጀርባው ላይ «1958» ተብሎ ቢጻፍ፣ በእኛ ከሆነ በአውሮፓውያን 1965 ወይም 1966 ነው፤ በእነርሱ ከሆነ ደግሞ በእኛ 1950 ወይም 1951። ከጀርባ የአፍሪካ አዳራሽ ተጠናቅቆ ከታየ ነገሩ አለቀ፤ አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ስለሆነ ጽሑፉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሕንጻ ከሰው ይልቅ ቀኑን ያስታውሳል፤ ግን እርሱም ያታልላል። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት ስለሌለ ብቻ «ከ1923 ዓ.ም. በፊት ነው» የሚሉ አሉ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሐውልቱን አንሥቶት እንደነበር ይዘነጋሉ።

ማዕረግም እንዲሁ ነው። ቤተሰብ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው፤ ፊታውራሪ የተባሉት ሰው ያን ቀን ገና ግራዝማች ሊሆኑ ይችላሉ።

የፎቶ ቤት መጋረጃ ላይ የተሳለውን ሐይቅ ሐዋሳ ነው ብለው የተከራከሩኝ ወጣትም አሉ፤ እወዳቸዋለሁ፤ የመጋረጃውን እጥፋት እስካሳያቸው ድረስ አልተረቱም።

ስሞቹን «ከግራ ወደ ቀኝ» ብለው ሲዘረዝሩ በማን ግራ እንደሆነ ይጻፉ፤ በተመልካቹ ይሁን። ፎቶግራፉ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ግን አይሆንም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ገጽ ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፤ ጫን ሳይሉ።