ኩርባ ላይ የሚንቀጠቀጥ ኤልኤስዲ ዲፈረንሻል፦ ጥፋቱ የዘይቱ ነው ወይስ የዲስኩ?

ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ከኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ግን ሰላም ነው

ዘይት በተቀየረ ሰሞን ከጀመረ ኮሮና ፒኞን (የዲፈረንሻሉን ዋና ማርሾች) ለማስፈታት አትቸኩሉ። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ ስለሚዞር፣ ኤልኤስዲ (ሊሚትድ ስሊፕ፣ ማለትም አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ ዲፈረንሻል) ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ልዩነቱን ማሳለፍ አለባቸው። ተራ ጂኤል-5 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) የማርሹን ጥርስ ይጠብቃል፤ ዲስኮቹን ግን አያለዝብም። ያዝ ለቀቅ ሲያደርጉ ነው የሚንቀጠቀጠው። ዘይቱ ውድ ሲንተቲክ መሆኑ ይህን አይፈታም፤ ጣሳው ላይ መፈለግ ያለበት «ኤልኤስዲ» ወይም «ሊሚትድ ስሊፕ» የሚለው ነው።

ዘይቱ አዲስና ንጹህ ከሆነ አታፍስሱት። የፍሪክሽን ሞዲፋየር (ዲስኮቹን የሚያለዝብ ተጨማሪ) ብልቃጥ ብዙ ጊዜ 118 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ቦታ እንዲያገኝ በሲሪንጅ ትንሽ ዘይት ሳቡና መጀመሪያ ግማሹን ጨምሩ። ከዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ በዝግታ ከ8 እስከ 10 ጊዜ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ንዱ፤ ተጨማሪው ዲስኮቹ መሃል የሚገባው እንዲህ ነው። ካልተወው ቀሪውን ጨምሩ፣ ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው መጠን ግን አትለፉ። ሲበዛ ዲስኩ መያዝ ያቅተዋል። «ኤልኤስዲ» የተባለ ዘይት ሞዲፋየሩ ውስጡ ስላለ ሳትሞክሩት አትደርቡበት።

ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ ብቻ ይሽከረከራል

ወይ ሞዲፋየሩ በዝቷል፣ ወይ ዲስኩ አልቋል፣ ወይም ከመጀመሪያው ኤልኤስዲ አይደለም። ለመለየት የፊት ጎማዎችን በታኮ ያዙ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሥታችሁ በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉ፣ ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ልቀቁ። አንዱን ጎማ በእጅ ስታዞሩ ሌላው በተመሳሳይ አቅጣጫ ከዞረ ዲስኩ ይሠራል። በተቃራኒው ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ወይም ያለቀ ኤልኤስዲ ነው፤ የመኪናው መጽሐፍ ይለየዋል። ያለቀ ዲስክን የሚያድን ብልቃጥ የለም። ኤልኤስዲ ያለውን መኪና በአንድ ጎማ ብቻ አንሥታችሁ ማርሽ እንዳታስገቡ፤ መሬት የያዘው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይነዳዋል።

ዘይቱ ወተት መስሏል

ውሃ ገብቷል። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ሲሻገር ድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ የአየር መተንፈሻው ከተደፈነ ውሃው በፓራዮሊ (በዘይት ማገጃው ጎማ) በኩል ይሳባል። መተንፈሻውን ሳታጸዱ ዘይት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ስትቀይሩ መጀመሪያ የላይኛውን የመሙያ ታፖ ፍቱ። የታችኛውን አፍስሳችሁ ላይኛው እምቢ ካለ መኪናው ባዶውን ቆመ ማለት ነው። ዘይቱ ለብ እያለ ይፍሰስ። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ለጥፍ ቢኖር ግድ የለም፤ የብረት ስባሪ ካለ ግን ይፈታ። ብዙ ፒክአፕ ከ2 እስከ 3 ሊትር ያህል ይወስዳል፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ ከቀዳዳው የታች ከንፈር ሲደርስ በቃ።

ውፍረቱስ? 75ደብሊው-90 ሲንተቲክ በደብረ ብርሃን ውርጭም ቶሎ ይፈሳል። ጭነት ተሸክሞ ወደ አፋር ለሚወርድ 75ደብሊው-140 ይሻላል፣ መጽሐፉ ከፈቀደ። የተረፈውን ጂኤል-5 ካምቢዮ ውስጥ አትጨምሩ፤ ጂኤል-4 የሚጠይቅ ካምቢዮ ከሆነ የነሐስ ቀለበቶቹን ሊበላ ይችላል።

ቀጥ ባለ መንገድ ነዳጅ ሲሰጡትና ሲለቁት ድምፁ የሚለዋወጥ ጩኸት ከሰማችሁ ግን ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። ኩሽኔታውና ኮሮና ፒኞኑ ይታዩ።