የቆመ ቬስፓ ስታገኙ ቀለም ለመግዛት አትቸኩሉ

አሮጌ ቬስፓ ከዘመድ ግቢ ጥግ ወይም ምናለሽ ተራ አካባቢ ስታገኙ ልባችሁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቀለሙ ነው። አውቀዋለሁ፣ እኔም መጀመሪያ ያለምኩት ቀይ ነበር። ቀለሙን ለጊዜው እርሱት።

"እስቲ ትነሳ እንደሆን" ብላችሁም አትርገጧት። ዓመታት የቆመች ሞተር ፒስተኗ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ በጉልበት ስትረግጡ የፒስተኑ ቀለበት ይሰበራል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱና በቀዳዳው ሁለት ሦስት ማንኪያ ናፍጣ ከትንሽ ዘይት ጋር ጨምሩ። ሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት) በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ በቀስታ አወዛውዙት። እምቢ ካለ ናፍጣ ድገሙት እንጂ መዶሻ እንዳታነሱ።

ቀጥሎ እግር የሚያርፍበትን ወለል ከሥር እዩ። ቬስፓ ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ ሌላው ሞተር ሳይክል በቱቦ የተሠራ ሻንሲ የላትም፣ የሚሸከማት ላሜራው ራሱ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ብረቱን በስቶ ከገባ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል፣ ግን ከመቆረጡ በፊት ቦዲው እንዳይጣመም በብረት ዘንግ ይወጠር። ስቱኮ ለጥፎ የሸጠላችሁ ሰው ካለ እዚህ ጋ ታገኙታላችሁ።

ስትፈቱ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብሎንና ዳዶውን በየፌስታሉ ለየብቻ አድርጉና ላዩ ላይ ጻፉበት። እኔ "አስታውሰዋለሁ" ብዬ ገጥሜ ስጨርስ አራት ብሎን ተርፎኛል፣ የየት እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቮላኖውን ደግሞ የሚነቅለው የራሱ መንቀያ አለ፣ ተውሳችሁም ቢሆን አምጡት። በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ዳዶ፣ ፑንቲና፣ ቮላኖ፣ ስቱኮ ሁሉም ጣልያንኛ ስለሆኑ የሰፈር መካኒክ የሚያወራውን ይዛችሁ የፋብሪካውን የጣልያንኛ መመሪያ ብትከፍቱ ግማሹ ይገባችኋል።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ብዙ ጊዜ ይወስዳል። የቆየ ቤንዚን ደርቆ እንደ ማር ይጣበቅበታል። ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ያላትን ትንሿን ናስ አውጡና ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በቀዳዳዋ ተመልከቱ። ክብ ብርሃን ካላያችሁ ተደፍናለች። በሽቦ አትጎርጉሯት፣ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ልኩ ይጠፋል። አንድ ሌሊት ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፏትና በአየር ንፏት። ይህን ሥራ ደጅ ሥሩ፣ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ።

ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላው ብልጭታ የሚያስነሳውን) በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጉና ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ካንዴላው 0.6 ይበቃዋል። የፍሬን ሸራውን አቧራ ግን በአየር እንዳትነፉ፣ የድሮዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው። በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት።

ማርሹ ውስጥ፣ ትልልቅ ቦዲ ላላቸው ባለ 125 እና ባለ 150 ሲሲ ቬስፓዎች፣ ወደ 250 ሚሊ ሊትር ባለ 30 ቁጥር ዘይት ይገባል። ቤንዚኑ ሳይቀላቀል አይገባም። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆኑት አብዛኞቹ 2 በመቶ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ይፈልጋሉ፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ። የቀደሙት 5 በመቶ የሚፈልጉ ስላሉ የሞዴላችሁን ቁጥር አረጋግጡ።

አሁን ርገጧት። መጀመሪያ ግቢውን በጭስ ትሞላዋለች፣ ናፍጣው እየተቃጠለ ነው፣ አትደንግጡ፣ ጎረቤትን ግን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ለጥቂት ሳምንታት ቀስ ብላችሁ ንዷት፣ የሚያፈሰውን፣ የሚንኳኳውን አዳምጡ። ሁሉም ሲስተካከል እንደገና ፍቷትና ያን ጊዜ ቀለም ግዙ። የኔዋ በመጨረሻ አመድማ ሆነች።