ኪልት ነው ወይስ ጉርድ? ከመኪና ግርግር የተሰጠ መልስ

ሐረር፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለማታውቁት፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚያወርደው ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስሙም የወጣው ከስፌት መኪናው ጩኸት ነው። ሰሞኑን ስልካቸውን ከፍተው "እቺን ስፋልኝ" የሚሉኝ ወጣቶች በዝተዋል። አንዱ ውጭ አገር ሰርግ ተጠርቷል፣ ሌላው ቪዲዮ ሊቀረጽበት ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ሁሉም ኪልት ይሉታል፤ ያ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ ጉርድ የሚመስለው ልብስ። ግማሹ ግን ኪልት አይደለም።

ስኮትላንድን የማውቃት በካርታ ነው። ኪልትን ግን በመቀስ ጫፍ አውቀዋለሁ። ድሬዳዋ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ አንድ ያረጀ የሱፍ ኪልት አግኝቼ፣ ክሩን እየፈታሁ ውስጡን እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። የሚከተለው ከዚያ የተገኘ ነው።

መጀመሪያ የጨርቁን መልክ እርሱት። ኪልት ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ታርታን ነው፣ ያ መስመሩ ወርድና ቁመት የሚቆራረጠው ሱፍ። ታርታን ግን ሻርፕም ይሆናል፣ ብርድ ልብስም ይሆናል። የአየርላንድ ኪልት ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመር የሌለው ወጥ ብጫ ነው። ኪልት የሚያሰኘው አቆራረጡና አሰፋፉ ነው።

ልብሱን መቆለፊያውን ፍቱና መሬት ላይ ዘርጉት። ጫፍና ጫፉ ተለያይቶ እንደ ምንጣፍ ከተነጠፈ ጥሩ ነው። ዙሪያው ተሰፍቶ በእግር የሚገባ ከሆነ በቃ፣ ጉርድ ቀሚስ ነው። የኛ ሽርጥም እዚህ ላይ ይወድቃል። በርጫ ላይ ሽርጡን አገልድሞ "እኔም ኪልት ለብሻለሁ" የሚለኝ ደንበኛ አለ። አቦ ተው! ሽርጥ ዙሪያው የተሰፋ ነው፣ ሽንሽን የለውም፣ ወገብ ላይ ተጠቅልሎ ይያዛል። ለድሬ ሙቀት ከሱፍ ኪልት በብዙ ይሻላል፤ ግን ሌላ ልብስ ነው።

ቀጥሎ ፊቱን እዩ። ኪልት ከፊት ልሙጥ ነው። ሁለት ልሙጥ ክንፎች አሉት፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ ይደራረባሉ። ሽንሽኑ ያለው ከጎንና ከኋላ ብቻ ነው። ለተማሪዎች ዩኒፎርም የምንሰፋው ጉርድ ዙሪያውን የተሸነሸነና በጎን ዚፕ ያለው ነው። ጨርቁ ታርታን ቢሆንም ኪልት አይሆንም። የግሪክ ዘበኞች የሚለብሱት ነጩ ፉስታኔላም ዙሪያውን ሽንሽን ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ ልብስ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሽንሽኑን ከወገብ ጀምራችሁ በጣት ዳስሱት። በደንብ የተሠራ ኪልት ላይ እያንዳንዱ እጥፋት ከወገብ እስከ ዳሌ ተሰፍቶ ተይዟል። ከዳሌ በታች ነፃ ነው። ሲራመዱ ከኋላ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። እኔ የፈታሁት ላይ እያንዳንዱ እጥፋት በእጅ የተሰፋ ነበር፣ ስፌቱ ከውጭ አይታይም። ከውስጥ ደግሞ ወገቡ እንዳይወፍር የእጥፋቱን ትርፍ ጨርቅ ከላይ ቆርጠው አውጥተውታል። ቦታውን በካንቫስ ደግፈው ገበር አልብሰውታል። ይህን ሳይ የሰፋውን ሰው እጁን መሳም አማረኝ። በላስቲክ ወገብ ላይ ጨርቅ ሰብስቦ "ኪልት" ብሎ የሚሸጥ ሰው ግን ጉርድ ነው የሸጠው።

አቆላለፉም ምልክት ነው። የወንድ ኪልት የላይኛው ክንፍ ከግራ መጥቶ በለባሹ ቀኝ ዳሌ ላይ ይቆለፋል። የታችኛው ክንፍ ማሰሪያ በግራ በኩል ወገቡ ላይ ባለች ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣና ውጭ ዘለበት ላይ ይታሰራል። የሴት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ይገለበጣል።

ዘለበቱ በቁልፍ ቢተካስ? ጨርቁ ካኪ ወይም ጂንስ ቢሆንስ? ኪስ ቢኖረውስ? እኔ አልከለክልም። ሲያትል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው ዩቲሊኪልትስ ለሥራ የሚሆን፣ ትልልቅ ኪስ ያለው የጥጥ ኪልት ሠርቶ ሸጧል። ፊቱ ልሙጥ፣ ኋላው ሽንሽን፣ ተጠምጥሞ የሚቆለፍ ነው። ለኔ ኪልት ነው። "እውነተኛው የድሮው ነው" የሚሉ አሉ። የድሮው የቱ? የመጀመሪያው ትልቁ ኪልት ጭራሽ አልተሰፋም ነበር። ትልቅ ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፈው፣ በእጅ ሸንሽነው፣ በቀበቶ ወገባቸው ላይ አስረው ትርፉን ትከሻቸው ላይ ይጥሉት ነበር። ወገብ ላይ የሚያበቃው አጭሩ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1746 በሕግ ከልክሎት እስከ 1782 ተከልክሎ ቆይቷል። ዘለበቱም፣ የተሰፋው ሽንሽንም በየጊዜው የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ ካኪውን አትናቁት።

ለመስፋት ለምትፈልጉ ከካኪ ጀምሩ። ወገቡ 84፣ ዳሌው 100 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ወርዱ 150 የሆነ 2 ሜትር ካኪ ይበቃል። በቁመቱ መሃል ለመሃል ሁለት ላይ ቁረጡት። ከዚያ አንዱን ቁራጭ አዙሩት፤ የፋብሪካው ጠርዝ በሁለቱም ላይ ከታች ይሁን። እንዲህ ካደረጋችሁ ታች መቀምቀም የለባችሁም፤ የሱፉም ኪልት ታቹ የማይታጠፈው በዚሁ ዘዴ ነው። ሁለቱን ስትቀጥሉ 4 ሜትር ያህል ርዝመት ይወጣል። መጋጠሚያውን እጥፋት ውስጥ ደብቁት።

ከዳሌው ግማሹ፣ 50 ሳንቲ ሜትሩ፣ ለፊት ነው። ለሁለቱ ክንፎች 50፣ 50 መድቡ። ለጫፍ ማጠፊያና በግራና በቀኝ ፊቱን ለሚያዋስኑት ጥልቅ እጥፋቶች 40 ያህል ተውለት። የቀረው 260 ለሽንሽን ነው። 20 እጥፋት ካደረጋችሁት እያንዳንዱ 13 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ ዳሌ ላይ የሚታየው 2.5 ብቻ ነው፣ ሌላው ይደበቃል። ወገብ ላይ ግን ኋላው 42 መሆን ስላለበት የሚታየው 2.1 ይሆናል። ያቺ የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ናት ኪልቱን ከወገብ ጋር የምታጣብቀው። በዓይን ግምት እንዳትሞክሯት። በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ወስውሱ፣ ከዚያ መኪና ላይ አውጡት። ስፌቱ ከወገብ እስከ ዳሌ ብቻ ነው።

ታርታን ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ከኋላ ንድፉ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ሙሉ ንድፍ መዋጥ አለበት። ለአንድ ሰው 8 ያርድ፣ ማለትም ወደ 7.3 ሜትር ጨርቅ የሚገባውም ለዚህ ነው። የወታደሮቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ አንዱን መስመር መርጠው በየእጥፋቱ ላይ ያስደግሙታል።

ቁመቱን የምለካው ደንበኛውን አንበርክኬ ነው። ቀጥ ብሎ ሲንበረከክ ጠርዙ መሬት ነክቶ ሳይንተራስ መቅረት አለበት። ሲቆም ጉልበቱ አካባቢ ያርፋል። ሱሪ ለምደን ወገባችንን ዳሌ ላይ እናስባለን፤ ኪልት ግን ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ነው የሚታሰረው። ስትለኩ ይህን ካልነገራችሁት ልብሱ ቁርጭምጭሚት ይፈልጋል።

ፊቱ ላይ የሚሰካውን ትልቅ ስፒል የላይኛው ክንፍ ላይ ብቻ ስኩት። ሁለቱን ክንፍ አንድ ላይ ከወጋችሁ ሲቀመጥ ጨርቁ ይቀደዳል።

የውስወሳውን ክር ቶሎ አትንቀሉ። መጀመሪያ ሽንሽኑን እስከ ታች ድረስ ወስውሱትና እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በደንብ የጋለ ካውያ አሳርፉበት፤ አትጎትቱት። መብራት ሲጠፋ እኔ የከሰሉን ካውያ ነው የማነሳው፤ ክብደቱ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ክሩን ምዘዙት። ደንበኛው "ቶሎ ስጠኝ" ብሎ ቢጨቀጭቃችሁም ሻይ ጠጥቶ ይመለስ።