የኤችአይቪ ኬዝ ስንመድብና ስንዘግብ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የክሊኒክ ካርድ የሚጠይቀን ታካሚው ዛሬ እንዴት እንዳለ ነው። የቅኝት (የበሽታውን ሥርጭት የመከታተያ) ፎርም የሚጠይቀው ደግሞ መጀመሪያ በተገኘበት ዕለት እንዴት እንደነበረ ነው። በሥራ ላይ ግን ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው፣ ደጅ ወረፋ እየጠበቀ፣ በአንድ እስክሪብቶ ይሞላሉ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ምንጫቸው ይኸው ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን መረጃ በዛሬው መተካት። እንደ ሀዋሳ ሰው ከየአቅጣጫው በሚገባበትና በሚወጣበት ከተማ ደግሞ ስህተቱ ቶሎ ይባዛል።

"ፖዘቲቭ"፣ "አድቫንስድ" እና "ኤድስ" እንደ አንድ ሲጻፉ

ኤችአይቪ በደሙ የተገኘበት ሰው ሁሉ የኤችአይቪ ኬዝ ነው፤ የኤድስ ኬዝ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ለቅኝት ባወጣው ትርጉም፣ ኤችአይቪ የተረጋገጠበት አዋቂ በኤድስ የሚመደበው ክሊኒካዊ ደረጃ (በሕመም ምልክቶች ከ1 እስከ 4 የሚሰጥ፣ 4 ከባዱ) 4 ላይ ሲሆን ወይም ሲዲ4 (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር) ከ200 በታች ሲወርድ ነው። "አድቫንስድ" (የገፋ የኤችአይቪ ሕመም) የሚባለው ሰፋ ይላል። አሁን በሥራ ላይ ባለው የ2017 እ.ኤ.አ. ትርጉም ደረጃ 3 ወይም 4፣ ወይም ሲዲ4 ከ200 በታች ነው። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ኤችአይቪ ያለባቸው ሕፃናት ሲገኙ ሲዲ4ቸው ምንም ይሁን ምን እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

ልዩነቱ በአንድ ሰው ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል። የሳንባ ነቀርሳ ያለበትና ሲዲ4ቱ 310 የሆነ ሰው ደረጃ 3 ነው። አድቫንስድ ነው፣ ኤድስ ግን አይደለም። ሁለቱንም ሳጥን አብሮ ምልክት ማድረግ ስህተት ነው።

የቆየ ሪፖርት ከአዲስ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። በ2007ቱ ትርጉም "አድቫንስድ" የሚለው ቃል ሲዲ4 ከ350 በታች የሆነውንም ያጠቃልል ነበር። ቃሉ አንድ፣ መቁረጫው ሁለት ነው። በየትኛው እንደተቆጠረ ሳይጣራ ግራፍ ከተሠራ፣ በሽታው ሳይቀንስ ወረቀቱ ላይ የቀነሰ ይመስላል።

ደረጃውን በግምት መስጠት

ደረጃ የሚሰጠው በተገኘው ከፍተኛ ምልክት ነው፤ ሦስት የደረጃ 2 ምልክቶች ተደምረው ደረጃ 3 አይሆኑም። ደጋግመው የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው።

አልማዝ ባለጭራ ሲታይ ያስደነግጣል፣ ደረጃው ግን 2 ነው። በአፍ ውስጥ የሚታየው ነጭ ፈንገስ ደረጃ 3 ሲሆን ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ወርዶ መዋጥ ሲያሳምም 4 ይሆናል። የሳንባ ነቀርሳ 3፣ ከሳንባ ውጭ ያለው፣ ለምሳሌ የማጅራት ወይም የአጥንት፣ 4 ነው። ካርዱ ላይ "ቲቢ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ መዳቢው ያለው ምርጫ መገመት ስለሆነ፣ የቦታው ስም አብሮ ይጻፍ። በሕፃናት ላይ የዕጢ ነቀርሳ ደረጃ 3 መሆኑም ይታወስ።

ክብደት ላይ ያለው ስህተት ደግሞ የሒሳብ ነው። "ከስቷል" በቂ አይደለም። ቀድሞ 60 ኪሎ የነበረ ሰው 55 ከገባ የቀነሰው 8 በመቶ ገደማ ነው፤ ደረጃ 2። 53 ከገባ ወደ 12 በመቶ ነው፤ ደረጃ 3። የ2 ኪሎ ልዩነት ምድቡን ይቀይራል። ስለዚህ የቀድሞው ክብደት ጠይቆ መጻፍ፣ ሚዛኑም ጠዋት ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት የምደባው ሥራ አካል ነው።

የተሻለውን ታካሚ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ

አንዲት ታካሚ ጥር ላይ ስትገኝ ሲዲ4ቷ 86 ነበር፣ አፏም በፈንገስ ተሸፍኖ ነበር እንበል። በዓመቱ ሲዲ4ቷ 412 ደርሷል፣ ክብደቷም ተመልሷል። ካርዷን የሚያድሰው ሰው ደስ ብሎት የመጀመሪያውን ደረጃ ሰርዞ 1 ይጽፋል። ለእሷ እውነት ነው፤ ለቅኝቱ ግን ዘግይታ የተገኘች አንዲት ሰው ከመዝገብ ጠፋች ማለት ነው። ይህ በሃያ ካርድ ላይ ሲደጋገም በከተማው ሰው ሁሉ በጊዜ እየተመረመረ ያለ ይመስላል፤ የምርመራ ዘመቻ የሚያስፈልገው ሰፈርም ሳይታይ ያልፋል።

በሕክምና ላይ ያለው ደረጃ የራሱ ቦታ አለው፤ በክትትል ፎርሙ ላይ "ቲ" ተጨምሮበት ቲ1፣ ቲ2 እየተባለ ይጻፋል። የመነሻው ደረጃ ግን በዚያው ቀን እንደተጻፈ ይቀራል። ሲዲ4ም እንዲሁ ነው፤ የመነሻ የሚባለው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ወይም በጀመረበት ሰሞን የተወሰደው ነው። በስድስተኛው ወር የተሠራውን ውጤት ባዶ በቀረው የመነሻ ሳጥን ውስጥ መክተት፣ ሳጥኑን ባዶ ከመተው የከፋ ነው። ባዶው ቢያንስ ባዶ መሆኑ ይታያል።

ያልተረጋገጠውን መዘገብ

በአንድ ፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ማለት ገና ኬዝ አይደለም። በቅደም ተከተሉ መሠረት ሦስቱም ምርመራዎች ፖዘቲቭ ሲሆኑ ነው ኬዝ የሚሆነው። ውጤቶቹ ካልተስማሙ ሰውየው በ14 ቀን ተመልሶ ይመረመራል፤ እስከዚያ ድረስ በየትኛውም አምድ አይቆጠርም። ቤት ውስጥ ራስን በራስ የመመርመሪያ ኪትም ማጣሪያ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ የመቁጠር ስህተትም አለ። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በአዲስ ናሙና፣ በሌላ ባለሙያ የሚደረገው ማረጋገጫ ያንኑ ሰው ነው የሚመረምረው። በመዝገቡ ላይ ሁለተኛ መስመር ይዞ እንደ ሌላ ፖዘቲቭ ከገባ አንድ ሰው ሁለት ሆነ።

ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን በፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ቢሆን ፀረ እንግዳ አካሉ የእናቱ ሊሆን ይችላል። በስድስት ሳምንቱ በደረቅ የደም ጠብታ ተወስዶ ለፒሲአር (ቫይረሱን ራሱን ለሚፈልግ ምርመራ) የሚላከው ለዚህ ነው። ፒሲአሩ ፖዘቲቭ ሲሆን ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል፣ በሁለተኛ ናሙናም ይረጋገጣል። በእናቱ ውጤት ብቻ የተመዘገበ ሕፃን "ተጋላጭ" ነው፣ ኬዝ አይደለም።

ነባሩን እንደ አዲስ መቁጠር

ቁጥሩን ከሁሉም በላይ የሚያዛባው ይህ ነው። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ደጅ መታየት የፈራ ሰው መድኃኒቱን ከሚወስድበት ቦታ ቀርቶ ሌላ ከተማ እንደ አዲስ ይመረመራል። ከሻሸመኔ፣ ከይርጋለም፣ ከዲላ ወደ ሀዋሳ ይመጣል፤ ከሀዋሳም ወደ እነዚያ ይሄዳል። የዝውውር ወረቀት አይዝም። "ከዚህ በፊት ተመርምረው ያውቃሉ?" ሲባል "አይ" ይላል። ሊያታልል ፈልጎ አይደለም፣ ራሱን እየጠበቀ ነው፤ ስለዚህ በማፋጠጥ የሚገኝ ነገር የለም። በር ዘግቶ፣ "ቀደም ሲል ሲወስዱት የነበረ መድኃኒት ካለ አሁን የምንሰጥዎትን ለመምረጥ ይረዳናል፣ የት እንደነበር ለማንም አንናገርም" ማለት ግን ብዙ ጊዜ እውነቱን ያመጣል።

ከንግግሩ ውጭም ምልክት አለ። መድኃኒት አልጀመርኩም ያለ ሰው በመጀመሪያው ናሙና ቫይራል ሎዱ (በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ከ1000 በታች ከሆነ፣ ሳይወስድ ቫይረሱን የሚቆጣጠር ሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ታሪኩ እንደገና ይጠየቅ። ነባር መሆኑ ከታወቀ መጀመሪያ የታወቀበት ቀን ይሞላል፤ ዓመቱን ብቻ ቢያስታውስ ዓመቱ ይጻፍ። ዛሬ የተመረመረበት ቀን ያንን አይተካም።

ተደጋጋሚ መዝገቦችን ማጣራት ስም ላይ ብቻ ከተደገፈ አይሠራም። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፤ የአያት ስምም ግማሹ ካርድ ላይ ይዘለላል። ፀሐይ አንዱ ጋ በ"ጸ"፣ ሌላው ጋ በ"ፀ" ትጻፋለች፤ "ሐ"ውና "ሀ"ው፣ "ሠ"ውና "ሰ"ው እንደ ጸሐፊው እጅ ይለዋወጣሉ። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የሲዳምኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፍ በመሆኑ፣ ድርብ አናባቢው አንዱ ጋ ይቀራል፣ ሌላው ጋ ይገባል። ዕድሜም ብቻውን አያስተማምንም፤ ሰው ሲገምት 30 ወይም 35 ነው የሚለው። ስለዚህ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ጾታ፣ የትውልድ ዓመት፣ የትውልድ ቦታ፣ የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ቁጥር ካለ እሱም አብረው ይታዩ። ሦስት አራቱ ሲገጣጠሙ ካርዶቹን አውጥቶ ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማዋሃድ ነው። በችኮላ የተዋሃዱ ሁለት ሰዎችን መለየት ከመጀመሪያው ማጣራት ይከብዳል።

በዝውውር የመጣም ሕክምናውን የጀመረው በላኪው ተቋም ነው፤ "አዲስ የጀመረ" በሚለው አምድ አይገባም።

የቀን አቆጣጠር

ካርዱ በኢትዮጵያ፣ የላቦራቶሪ ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማል። በካርድ ላይ "12/10/2016" የተጻፈ ቀን ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ጁን 19 ቀን 2024። ይህን ሳይቀይር ያስገባው ሰው ግን ኦክቶበር 12 ቀን 2016 አደረገው። በ2016 ዓ.ም. የተገኘ ኬዝ ወደ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ፤ ሲዲ4ቱም ከምርመራው ከስምንት ዓመት በኋላ የተሠራ ሆነ። ስህተቱን ኮምፒውተሩ አይይዘውም፤ ቀኑ ትክክለኛ ቀን ይመስላልና።

"ስምንት መቀነስ" የሚለውም አቋራጭ ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ልዩነቱ ሰባት ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ሲሆን፣ በማግሥቱ ታኅሣሥ 23 ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ልዩነቱ ከሰባት ወደ ስምንት ተቀየረ። ወሩን በፊደል መጻፍና "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ማለት ይህን ሁሉ ያስቀራል። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 መሆኑም አይረሳ፤ ኅዳር 22 የተረጋገጠ ኬዝ የታኅሣሥ ነው።

አድራሻ

የሚፈለገው በተገኘበት ጊዜ የሚኖርበት ቦታ ነው እንጂ የተመረመረበት ተቋም ወይም የተወለደበት ወረዳ አይደለም። ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከገጠር መጥታ ሀዋሳ ቤት የተከራየች ወጣት ኗሪነቷ ሀዋሳ ነው፤ ከሻሸመኔ ለምርመራ የመጣ ሰው ኗሪነቱ ሻሸመኔ ነው፤ ክልሉም ኦሮሚያ። "ሀዋሳ" ብሎ ማቆምም አይጠቅምም። ታቦር ይሁን መናኸሪያ ወይስ ቱላ፣ ክፍለ ከተማውና ቀበሌው ከሌለ ኬዞች አንድ ሰፈር ላይ መከማቸታቸው አይታይም።

በቀድሞ ካርዶች ላይ "ደቡብ" የሚለው ክልል ዛሬ ለብቻው ትርጉም የለውም። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆኗል፤ የቀረውም ከዚያ በኋላ ተከፋፍሏል። ዞኑንና ወረዳውን አይቶ አሁን ባለው ክልል መመደብ ይገባል።

የሪሰንሲን ውጤት እንደ ቀን ማንበብ

ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ አዲስ ኬዞች የሚሠራው የሪሰንሲ ምርመራ ቫይረሱ ባለፉት 12 ወራት ገደማ የገባ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ፈጣኑ ምርመራ "ሪሰንት" ካለ በኋላ ቫይራል ሎዱ 1000 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ "የቆየ" ተብሎ ይመደባል። ምክንያቱም መድኃኒት የሚወስድ ነባር ሰው በፈጣኑ ምርመራ አዲስ ሊመስል ይችላል። ቫይራል ሎዱ ሳይመጣ መዘገብ ትልቁ ስህተት ነው። ውጤቱ የብዙ ሰዎችን አዝማሚያ ለማየት የተሠራ ስለሆነ፣ ከባልና ሚስት ማን ቀድሞ እንደተያዘ ለመፍረድ ፈጽሞ አይውልም። ቤት ሊያፈርስ፣ ከዚያም በላይ ሊያደርስ ይችላል።

ሞት

ኤችአይቪ ያለበት ሰው በመኪና አደጋ ቢሞት ሞቱ ይዘገባል፣ የሞት ምክንያቱ ግን አደጋው ነው። "የጠፋ" ተብሎ ዓመት የቆየውም ሞቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ስልክና የቤት ለቤት ፍለጋ ሳይደረግ አይዘጋ።

ዝርዝሩን በቴሌግራም መላክ

"ቶሎ ላኩልኝ" ሲባል ስም፣ ስልክና ቀበሌ ያለበት ኤክሴል በግሩፕ ይለቀቃል። ሀዋሳ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ አንድ ስክሪንሾት የአንድን ሰው ሥራና ትዳር ሊያሳጣ ይችላል፣ በሚቀጥለው ወርም ሌሎች ለምርመራ አይመጡም። ከተቋም የሚወጣው ፋይል ኮድ እንጂ ስም አይኑርበት፤ ኮዱን ከስም የሚያገናኘው ዝርዝር በተቋሙ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። የይለፍ ቃሉ ከፋይሉ ጋር በአንድ መልእክት አይላክ። ፍላሽ ላይ የተገለበጠው ከተላከ በኋላ ይጥፋ፤ የታተመው ረቂቅም ለመጠቅለያ እንዳይውል ይቀደድ።